ሊፍቶቹ ሲኳረፉ

ፈዙ ሁለት ነገር ባንዴ መሥራት አይችልም። ሾርባ እየጠጣ ከጠየቁት ማንኪያው አየር ላይ ይቀራል። ጫማውን እያሰረ ስልክ ከጮኸ ማሰሪያውንም ስልኩንም ይዞ ይቆማል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ልጅ ሳለ ዳቦ እንዲገዛ ተልኮ፣ የዝናብ ውሃ በቦይ ሲወርድ አፉን ከፍቶ ሲያይ ተገኘ። «አንተ ፈዛዛ!» አለችው። ከዚያ ወዲህ ፈዙ ሆነ። ሰፈሩ ተቀበለው፤ ትምህርት ቤቱም፤ መሥሪያ ቤቱም። በመዝገብ ስሙ የሚጠራው ባንክ ብቻ ነው።

ይህ ሰው የሚተዳደረው ብዙ ነገር ባንዴ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በመጻፍ ነው። እህቱ ይህን የሰማች ቀን ከት ብላ ሳቀች።

«ውሃ የሚፈራ የዋና አስተማሪ!» አለች።

የሚሠራበት ወርክሾፕ ከመስታወት ቆራጮች ሱቅ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሥር ድምፅ ይመጣል፤ ጭረት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ቀጭን ስንጥቅ። እነፈዙ እዚያ ቁጭ ብለው ለበሮች፣ ለውሃ ፓምፖችና ለሊፍቶች ፕሮግራም ይጽፋሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከሥር ካለው መስታወት ላይ ነጥራ ጣሪያቸው ላይ ትዋኛለች። ያን ጊዜ ፈዙ ዓይኑን ይጨፍናል። የማያውቀው ሰው ተኝቷል ይላል። የሚያውቀውም ተኝቷል ይላል።

አልተኛም። ቤት ውስጥ እየዞረ ነው። ለእሱ ፕሮግራም ቤት ነው። ክላስ የቤቱ ንድፍ ነው፤ ኦብጀክት በንድፉ መሠረት የቆመው ቤት። ንድፉ አንድ ሆኖ ቤቶቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ በር አለው። ትሬድ ደግሞ በቤቶቹ ውስጥ የሚመላለስ ሰው ነው። ፊት የለውም። የታዘዘውን መስመር በመስመር እየፈጸመ ይሄዳል። ዞር ብሎ አያይም። ሌላ ሰው ትከሻውን ታክኮት ቢያልፍ አይሰማውም። አንድ ሰው ብቻውን ሲመላለስ ሰላም ነው። ሁለት ሲሆኑ ነው ጉድ የሚፈላው።

ፈዙ ዓይኑን ጨፍኖ ከኋላ ከኋላቸው ይሄዳል። ኮቴ የላቸውም። አንዳንዴ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ይቆማል። ፈዙም ይቆማል። እንዲህ ሆኖ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

*

እህቱን እታለም ይላታል። የትራፊክ ፖሊስ ነበረች። ዕድሜዋን አደባባይ መሃል ቆማ ጨረሰች። ጡረታ በወጣች በዓመቱ ስትሮክ መታት፤ ምላሷን ምንም አላላትም፤ እግሮቿን ወሰዳቸው። አሁን ያለችው አንድ የማገገሚያ ቤት ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሏ አልጋ፣ መስኮትና በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ሰማይ አለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምድር ቤት ነው። እዚያ ገንዳ አለ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ደረት ድረስ ይመጣል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እታለምን ከተሽከርካሪ ወንበሯ አንሥታ ወደ ውሃው ታስገባታለች። ውሃ ውስጥ እታለም ትቆማለች። ከውሃው ስትወጣ እግሮቿ የሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ውስጡ ሳለች ግን የራሷ ናቸው። በቅርቡ የግራ እግሯ አውራ ጣት መልስ መስጠት ጀምሯል።

«ካቋረጠች ይጠፋል» ብላለች ባለሙያዋ። «የያዝነውን ደግመን አናገኘው ይሆናል።»

ከአራተኛ ፎቅ ወደ ገንዳው የሚወስደው ሊፍት ነው። የሊፍቶቹን ፕሮግራም የጻፈው ፈዙ ነው፤ እታለም እዚያ ከመግባቷ በፊት።

ሊፍቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሰፊ ነው፤ ሌላው ጠባብ። ነዋሪዎቹ ባልና ሚስት ይሏቸዋል። ሰፊዋ ሚስት፣ ጠባቡ ባል። እንዲህ ብለው የወሰኑት ሴቶቹ ናቸው። ሕንጻው አሮጌ ስለሆነ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁለት ሞተር ባንዴ አይችልም፤ አንዱ ሊፍት ሲንቀሳቀስ ሌላው መቆም አለበት። ሁለተኛ፣ የሊፍቶቹ በሮች በየፎቁ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። ደፍ ይሏታል። ሁለቱም ባንዴ ቢከፈቱ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር አይተላለፍባትም።

ፈዙ ሊፍት የሚባል አንድ ክላስ ጻፈ። ከእሱም ሁለት ኦብጀክት አወጣ፤ ሚስትንና ባልን። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ትሬድ ሰጣቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ የራሱን ጥሪ እንዲያስተናግድ። የኤሌክትሪክ ኃይሉም ደፎቹም ኦብጀክት ሆኑ። እነዚህ ግን የጋራ ናቸው።

የጋራ ነገር ደግሞ ያጣላል። ሥራ በጀመሩ ሰሞን ሚስት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መመገቢያ አዳራሹ ጋ ቆማ ልትከፍት ስትል «ደፉ ባዶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ባዶ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ባልም ጠየቀ። ለእሱም ባዶ ነበር። ማንም አልዋሻቸውም። ሁለቱም ከፈቱ። ከአንዱ ጡረተኛው ዳኛ፣ ከሌላው የቀድሞው ባቡር ነጂ በየወንበራቸው ወጡና ጎማ ለጎማ ተያያዙ።

«ቅድሚያ የእኔ ነው» አሉ ዳኛው።

«ባቡር ወደ ኋላ አይልም» አሉ ባቡር ነጂው።

ፈዙ ለእያንዳንዱ ደፍ ቁልፍ አበጀለት፤ ለኃይሉም እንዲሁ። ቁልፉን የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጨረሰ ይመልሳል። መጠየቅና መውሰድ አንድ ሆነ፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። ሰላም ወረደ።

ከዚያ ኩርፊያው መጣ።

*

አልፎ አልፎ ሁለቱም ሊፍቶች ይቆማሉ። አይሰበሩም። አይጮኹም። በራቸው ተዘግቶ፣ መብራታቸው በርቶ፣ ሞተራቸው ዝም ብሎ ይቀራሉ። የተጫኑት የፎቅ ቁጥሮች እንደ ቀላ ዓይን ያበራሉ። የጥበቃ ሠራተኛው ምድር ቤት ወርዶ ማብሪያውን ያጠፋና ያበራል። ያን ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳሉ።

«ባልና ሚስቱ ተኳረፉ» ይላሉ ነዋሪዎቹ።

ፈዙ መጥቶ ነበር። አንድ መስመር ጨመረ፤ እያንዳንዱ ሊፍት ቁልፍ ከመጠየቁ በፊት ለአፍታ እንዲተኛ። በሙያው ቋንቋም ትእዛዙ «ተኛ» ነው። አንዱ ሲተኛ ሌላው ያልፋል፤ አይገናኙም። ኩርፊያው ቀነሰ፤ ሊረሳም ደረሰ። ሁሉም አመሰገኑት። ፈዙ ምስጋናውን ተቀብሎ ሄደ፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተኳረፉ። ሚስት ውስጥ እታለም ነበረች፤ ወደ ገንዳው ስትወርድ ሊፍቷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተጠራች። ባል ውስጥ ወደዚያው ፎቅ የሚወጡ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ነበሩ። እታለም ግድግዳውን እየደበደበች ተሳደበች። አሮጊቷ ግን ዝም አሉ። በሩ ሲከፈት ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ተገኙ። የት እንዳሉ አላወቁም።

አስተዳዳሪዋ ፈዙን አስጠራችው። ቀጭን፣ ፀጉሯን አጥብቃ የምታስር ሴት ናት።

«ከዛሬ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሊፍት ውስጥ አይገባም» አለች። «ምግብና የታጠበ ልብስ ብቻ።»

«እህቴ ገንዳው…»

«እህትህ ብቻ አይደለችም። አውቃለሁ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሁለቱንም እዘጋለሁ። አዲስ የሚገዛው በሚመጣው በጀት ነው።»

«የሚመጣው መቼ ነው?»

«ሲመጣ ነዋ» አለች፤ እሷም ደስ ሳይላት።

*

እታለም አራተኛ ፎቅ፣ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ፎጣዋ ጭኗ ላይ ታጥፏል። ደረቅ ነው።

«መጣህ? አንተ የሊፍት ሽማግሌ» አለችው። «አስታረቅካቸው?»

«ገና ነኝ እታለም።»

«ምን ሆነው ነው ግን? አንድ የሚገባኝ ነገር ንገረኝ። በኮምፒውተርኛ አይደለም፣ በአማርኛ።»

ፈዙ አሰበ። ሳሎኑ ማዶ ዳኛውና ባቡር ነጂው አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በቤቱ የሚመጣው ጋዜጣ አንድ ነው፤ ዳኛው ይዘውታል። ማጉያ መነጽሩም አንድ ነው፤ ባቡር ነጂው ይዘውታል።

«ጌታው፣ ማጉያውን ቢሰጡኝ ቶሎ አንብቤ ሁለቱንም እመልስልዎታለሁ» ይላሉ ዳኛው።

«ምን ገዶኝ ጌታው። ብቻ ጋዜጣውን መጀመሪያ ይስጡኝና።»

«ይስጡኝ አልኩ እኮ።»

«እኔም ይስጡኝ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ዝም ተባባሉ። አንዱም አልተቆጣም። ብርሃኑ በጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። የሚያነብ ግን የለም።

«እንደነሱ» አለ ፈዙ። «አንዱ የያዘውን ሌላው ይፈልገዋል። ሁለቱም ሌላው እስኪለቅ ይጠብቃሉ። ማንም አላጠፋም።»

«ከሰዓት በኋላ ሁሉ እንዲህ ናቸው» አለች እታለም። «እስከ እራት አንድ አርዕስት አያነቡም። ታዲያ ፖሊስ አቁምባቸዋ። አንዱ ሲሄድ ሌላውን እጁን አንሥቶ የሚያቆም።»

«ይቻላል። ለሁለቱም አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ መስጠት ነው። ግን አንዱ ጥሪውን ከላይ እስከ ታች እስኪጨርስ፣ ሰው አውርዶ በሩን እስኪዘጋ ሌላው ይገተራል። ሁለት ሊፍት ይዞ በአንድ መሄድ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ ደረጃ ይደርሳል።»

እታለም ፎጣዋን ዘረጋችና መልሳ አጠፈችው።

«ቀድሞ ያስተኛሃቸው አይደል? ለምን አሁንም አታስተኛቸውም? ረዘም አድርገህ። ሰሞኑን እንኳ ልውረድ።»

«ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም እታለም። አንድ ቀን ደግሞ ይመጣል።»

«አንድ ቀን! እኔ ዛሬን ነው የምልህ። ጣቴ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም።»

ፈዙ ጣቷን አየ። ካልሲ ውስጥ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም።  እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው «ስትወጣ በሩን ዝጋው» የሚለውን ብቻ ነው።

*

በነጋታው የወርክሾፑ ባለቤት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ነጋዴ ነው፤ ኮድ መጻፍ ከተወ ቆይቷል፤ እግሮቹን እያወዛወዘ ያወራል።

«እንቅልፉን እጥፍ አድርገው» አለ። «ሴትዮዋ ፊት ጥቂት ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ይበሉ። ታየዋለች፤ ትፈርማለች። እህትህም ትዋኛለች። ማን ይጎዳል?»

«የሚቀጥለው ሰው።»

«የሚቀጥለው ሰው የሚቀጥለው ጊዜ ነው። ፈዙዬ፣ እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ለእሱ ብሎ ነው። ፈዙ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ኮዱን ከፈተ። ሲያነበው ዋለ። አንድ ነገር አልገባ አለው። ጋዜጣና ማጉያው የሚቆላለፉት አንዱ ጋዜጣውን፣ ሌላው ማጉያውን አስቀድሞ ስላነሣ ነው። ሁለቱም መጀመሪያ ጋዜጣውን ቢሹ ኖሮ፣ ያገኘው ያነባል፤ ያላገኘው ባዶ እጁን ይጠብቃል። ባዶ እጁን የሚጠብቅ ሰው መንገድ አይዘጋም። የእሱ ሊፍቶች ደግሞ የአንድ ክላስ ልጆች ናቸው። ንድፋቸው አንድ ነው። ታዲያ ቅደም ተከተላቸው እንዴት ይለያያል?

መጀመሪያ ያደረገው ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው። በማግስቱ ማልዶ ወደ ማገገሚያ ቤቱ ሄዶ ሊፍቶቹ እያንዳንዱን እርምጃቸውን ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፉ እንዲሄዱ አደረገ። ጻፉ። አንድም ጊዜ አልተኳረፉም። እንግዳ ሲመጣ እንደሚጨምቱ ልጆች ሆኑ። መጻፉ ራሱ ያዘገያቸዋል፤ ሲዘገዩ አይገናኙም።

ስለዚህ ጽሑፉን አጠፋ። ከዚያም ያቺን «ተኛ» የምትለውን መስመር ሰረዛት።

ሊፍቶቹ ባዶ ናቸው፤ በሚስት ውስጥ የታጠበ አንሶላ ጆንያ ብቻ አለ። ዳኛውን አራተኛ ፎቅ፣ ከወንበር ወጥተው በከዘራ መሄድ የጀመሩትን ባቡር ነጂ ደግሞ ምድር ቤት አስቀመጣቸው። ሥራቸው ሊፍቶቹን ወደ ሁለተኛ ፎቅ መላክ ነው፤ ባንዴ፣ ደጋግመው። ሁለቱም ሥራ ከተሰጣቸው ቆይቷልና ኮት ለብሰው መጡ።

«በምልክት ነው ወይስ በሰዓት?» አሉ ባቡር ነጂው።

«እኔ ከሁለተኛ ፎቅ ስጮህ ነው አባባ።»

ጮኸ። ቆሙ። የጥበቃ ሠራተኛው አጥፍቶ አበራ። ጮኸ። ሄዱ። ጮኸ። ቆሙ። ረፋዱን ሁሉ እንዲህ ሆነ፤ መሃል መሃልም ሁለቱንም ሊፍቶች ከላይ ብቻ ወይም ከታች ብቻ እያስላከ ሞከረ። በየወሩ አንዴ ይመጣ የነበረው ኩርፊያ በየደቂቃው ይመጣ ጀመር። የምሳ ሰሃን የሚያመላልሱት ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረው አዩት።

አስተዳዳሪዋ እየሮጠች ወጣች።

«ጭራሽ አባስከው?»

«አዎ» አለ ፈዙ።

«አዎ?!»

«እንዲኳረፉ እፈልጋለሁ። ሲደበቁብኝ ነው የማልይዛቸው።»

«ሰውዬው ጤነኛ ነው?» አለች፤ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ከሥር ባቡር ነጂው «ጤነኛ ነው! ደግሞ ልላክ?» ብለው ጮኹ።

አስተዳዳሪዋ ስልኳን አውጥታ ወደ ወርክሾፑ ደወለች። የተናገረችው ሁሉ ደረጃው ላይ ተሰማ። «ለሁሉም ነገር ቀን አለው። ነገ ምሳ ድረስ ነው የሰጠሁት። ከዚያ ሁለቱንም እዘጋለሁ።» ወደ ላይ ስትወጣ ጫማዋ ደረጃውን እየቆጠረው ሄደ።

የተሰጠውን ሳምንት ፈዙ በገዛ እጁ ወደ አንድ ቀን አሳጠረው። እታለም ይህን ሰማች። ወሬውን ያደረሱላት ዳኛው ናቸው፤ እንደ ፍርድ አነበቡላት። መልእክት ላከች፤ «አስተኛቸው ብዬህ ነበር» የሚል።

*

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ዝም አለ። ነዋሪዎቹ ተኙ። ፈዙ በአንደኛና በሁለተኛ ፎቅ መካከል ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በመተላለፊያው መስኮት ሞቃት ብርሃን ይገባል፤ ውስጡ ትቢያ ይንሳፈፋል፤ አይወርድም፣ አይወጣም። ከግድግዳው ጀርባ የሊፍቶቹ ገመዶች እንደ ትልቅ እንስሳ ሆድ ቀስ ብለው ያንጎራጉራሉ። ከምድር ቤት የገንዳው ሽታ ይመጣል፤ ለብ ያለ፣ የታጠበ ድንጋይ የሚሸት።

ያየውን አሰበ። ሁለቱም ከላይ ሲመጡ አይኳረፉም። ሁለቱም ከታች ሲመጡ አይኳረፉም። የሚኳረፉት አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ወደ አንድ ደፍ ሲጠሩ ነው።

ዓይኑን ጨፈነ።

ቤቱ ውስጥ ነው። ጨለማ አይደለም፤ የወተት ቀለም ያለው ብርሃን ነው። ፊት የሌላቸው ሁለት ሰዎች ሊነሡ ነው። ወደ ላይ ከሚወጣው ኋላ ሄደ። ሰውዬው በመጀመሪያ ወደ ኃይሉ ክፍል ገባ። ቁልፉን ከግድግዳው አነሣ፤ ከበደው። ያንን ጨብጦ ወደ ደፉ በር ሄደ። አንኳኳ። ተዘግቷል። ቆመ።

ፈዙ በሩን አልፎ ገባ፤ እሱን የሚከለክለው የለም። በወዲያኛው በኩል ወደ ታች የሚወርደው ቆሟል። የደፉን ቁልፍ ይዟል። ፊቱን ወደ ኃይሉ ክፍል አዙሯል። የኃይሉ ግድግዳ ባዶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ሳንቃ ውፍረት ብቻ ነው። አይተያዩም። ለዘለዓለም ቢቆሙ አይደክማቸውም።

ፈዙ በመካከላቸው ቆየ። ጸጥታው ደስ ይል ነበር። ሊነሣ አልፈለገም።

ከዚያ ትዝ አለው። ክላሱ አንድ ነው፤ «ውጣ» እና «ውረድ» የሚሉት ሁለቱ ሥራዎች ግን የተጻፉት በተለያየ ቀን ነው። «ውጣ»ን ሲጽፍ ሽቅብ መውጣት ከባድ ነው ብሎ አሰበ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኃይሉን ይያዝ፣ ከዚያ ደፉን። «ውረድ»ን ሲጽፍ ቁልቁል ቀላል ነው ብሎ አሰበ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ያረጋግጥ፣ ኃይሉን ቀጥሎ ይጠይቅ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለብቻ ለብቻ ሲነበቡ እንከን የላቸውም። እሱ ደግሞ አንድ በአንድ ነው የሚያነበው።

ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ምንም አልመሰለም። ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ በ«ውጣ» ውስጥ ሁለት መስመሮችን አለዋወጠ። የላይኛው ታች፣ የታችኛው ላይ። ማንም ይሁን፣ ወዴትም ይሂድ፣ መጀመሪያ ደፍ፣ ከዚያ ኃይል። ያደረገው ይህን ብቻ ነው። «ተኛ» የምትለውን መስመር አልመለሳትም።

*

ጠዋት ዳኛውና ባቡር ነጂው እንደገና ቦታቸውን ያዙ። አስተዳዳሪዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች። የወርክሾፑ ባለቤት መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ክራቫት አስሯል። ፈዙ ጮኸ። ሚስት ከላይ መጣች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ባል ከታች መጣ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ጮኸ። ባል ቀደመ። ጮኸ። ምሳ እስኪቀርብ ጮኸ፤ ድምፁ ጎረነነ። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ያልፋል። አንድም ጊዜ አልተኳረፉም።

«ትናንት ማታ ስንት ጊዜ እንደ…» ብሎ ባለቤቱ ለማስረዳት ጀመረ።

«እሱን ነው የምጠይቀው» አለች አስተዳዳሪዋ። ወደ ፈዙ ዞረች። «ባለፈው ስታስተካክላቸውም ደህና ሠርተው ነበር። አሁን በምን ልመን?»

«ሠርተው ስላዩ አይመኑ» አለ ፈዙ። «ሺህ ጊዜ ቢሄዱም ማስረጃ አይሆንም። ትናንት የሚያጋጫቸውን መንገድ አይተዋል፤ ዛሬም ያው መንገድ ነው፤ ምንም አላስተኛሁም፣ ምንም አልደበቅሁም። የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። ደፉን ያልያዘ ኃይሉን አይነካም። ስለዚህ ኃይሉን የያዘ ሁሉ መሄድ ይችላል። የሚሄድ ሰው ደግሞ ይመልሳል።»

ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። አስተዳዳሪዋ ረጋ ብላ አሰበችበት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ደፍ፣ ኃይል። ደፍ፣ ኃይል።

«ኃይሉን ይዞ ደፍ የሚጠብቅ የለም ነው የምትለው?»

«የለም።»

«እሺ» አለች። «እህትህን ዛሬ ታወርዳለህ። አንተው ራስህ፣ አብረሃት ገብተህ።»

እታለም ፎጣዋን ይዛ ተዘጋጅታ ነበር። ማን እንደነገራት አልተናገረችም። ፈዙ ወንበሩን ወደ ሰፊዋ ሊፍት ገፋ። ገቡ። ምድር ቤት የሚለውን ተጫነ። በሩ ተዘጋ።

ሊፍቱ አልተንቀሳቀሰም።

መብራቱ በርቷል። የተጫነው ቁጥር ቀልቷል። ሞተሩ ዝም ብሏል። እታለም የወንበሯን እጀታ ጨበጠች። ወንድሟን ከሥር ወደ ላይ አየችው።

«ፈዙ።»

«ይጠብቃል» አለ።

«ምን ይጠብቃል?»

«ምድር ቤት አንድ ሰው ከጠባቡ ሊፍት እየወጣ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

 ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ። ከሩቅ፣ ከሥር፣ የባል በር ክፍት መሆን አለበት። አንድ ሰው በዝግታ እየወጣ ይሆናል፤ ወይም የአንሶላ ጆንያ እየተጎተተ። ወይም ምንም አይደለም። ማወቂያ የለውም። የጻፈውን በሐሳቡ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሄደበት፤ ፊት የሌለው ሰውዬ ደፉ በር ላይ ቆሟል፤ እጆቹ ባዶ ናቸው። ፈዙም እጆቹን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

ከሥር አንድ ነገር ጠቅ አለ። በር ሲዘጋ ነው።

ሊፍቱ ቀለል ብሎ ተነሣና መውረድ ጀመረ። ሦስተኛ አለፈ። ሁለተኛ አለፈ፤ ከመመገቢያ አዳራሹ የሳህን ድምፅ መጥቶ ሄደ። እታለም እጀታውን አልለቀቀችም። አንደኛ አለፈ። አየሩ ለብ እያለ መጣ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ገንዳው ዳር ተንበርክካ ትጠብቃለች። ውሃው ጣሪያው ላይ ብርሃን ይስላል። እታለምን አወረደቻት። በመጀመሪያ እግሮቿ ወደ ጎን ተንሳፈፉ፤ እንደማታውቀው ሰው እግር። ባለሙያዋ ወገቧን ይዛ ጠበቀች። እግሮቹ ቀስ ብለው ወረዱ። ወለሉን ነኩ።

«ጣትሽን» አለች ባለሙያዋ።

እታለም ወደ ታች አየች። ውሃው ይንቀጠቀጣል፤ ከውሃው በታች ያለው ነገር ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ የእሷ ይሁን የውሃው አይለይም።

«መለሰ?» አለ ፈዙ ከዳር ሆኖ።

«ዝም በል፣ እየጠየቅሁት ነው» አለች እታለም።

ፈዙ ጫማውን አውልቆ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ውሃው እስኪረጋ ጠበቁ።